ጥያቄና መልስ፦ «ተምሬ ሳልጨርስ ያረጅብኛል»

ጥያቄ፦ ክቡራን አዘጋጆች፣ የ29 ዓመት ወጣት ስሆን በፕሮግራመርነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንጉላር ጄኤስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ተማርኩ፤ ሥራ ስይዝ ግን በየማስታወቂያው የሚፈለገው ሪአክት የተባለ ሌላ መሥሪያ ሆኖ ጠበቀኝ። ሪአክትን ክላስ በሚባለው ስልት መጻፍ ስለምድ ደግሞ ሁሉም ሰው ሁክስ ወደሚባለው አዲስ ስልት ዞረ። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ራሱ ይጽፋል እየተባለ ነው። ጀምሬ ያልጨረስኳቸው አሥራ አንድ ኮርሶች አሉ። የምሠራበት ድርጅት የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ሒሳብ የሚይዝ ሶፍትዌር አለው፤ የተሠራውም ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በ7.4 ዕትሙ ነው። ባለፈው ዓመት ሲስተሙ ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሮ ወለድ ሲያስብ ሁለት ቀን ዳታቤዙን አገላብጬ ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን በሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚጠይቅ የለም። ከእኩዮቼ ወደ ኋላ የቀረሁ ይመስለኛል። ምን ልማር?
(ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድካምዎ ከስንፍና የመጣ አይደለም። አንጉላር ጄኤስ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ብዙ ሰው ከለመደው በኋላ፣ በ2016 የመጣው ሁለተኛው አንጉላር እንደ አዲስ የተጻፈ ስለነበር የቀድሞው ኮድ እንዳለ አልሠራበትም፤ ለመጀመሪያው ይሰጥ የነበረው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ አብቅቷል። እዚህ ላይ ቅሬታዎ ልክ ነው። የሪአክት ነገር ግን ሌላ ነው። ሁክስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ሲመጣ በክላስ የተጻፈው ኮድ አልተሰረዘም፣ መሥራቱንም አላቆመም። አንደኛው በግድ የመጣ ለውጥ ነበር፤ ሁለተኛው በወሬ የበረታ ነው። እርስዎ ሁለቱን እኩል ስለተሸከሟቸው ነው የከበደዎ።

በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት የጳጉሜን ጉዳይ ግን ከኮርሶቹ ሁሉ ይልቅ ትኩረቴን ስቦታል። ዳታቤዙን ያገላበጡበት ኤስኪውኤል፣ ማለትም ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ፣ መነሻው ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬ ሁለት ቀን አሠርቶዎታል። ዓመታችን አሥራ ሦስት ወር እንዳለው፣ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን እንደምትሆን፣ የብድር ወለድ በቀን ሲታሰብና በወር ሲታሰብ ውጤቱ እንደሚለያይ የሚያውቅ ፕሮግራመር ደግሞ በማንኛውም ፍሬምወርክ (እንደ አንጉላር ባለ መሥሪያ) ቢቀመጥ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ሥራ ለመቀየር ሲያመለክቱም ይህንኑ ይጻፉ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ በምን ለዩት፣ እንዳይደገም ምን አደረጉ። ማስታወቂያው ላይ የተደረደሩትን ስሞች ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ኮድ የማይጽፍ ሰው ነው፤ ቃለ መጠይቁ ላይ የሚቀመጠው ግን ሌላ ነው።

በእኔ ግምት በእርግጥ ወደ ኋላ የቀሩበት ቦታ አለ፤ እርስዎ ግን ምንም ስጋት ሳያሳዩ አልፈውታል። ለፒኤችፒ 7.4 ይሰጥ የነበረው የደኅንነት ጥገና እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2022 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ በአዘጋጆቹ አይደፈንም፤ በዚያ ላይ የተቀመጠው ደግሞ የሰው ቁጠባ ነው። ስለዚህ «ምን ልማር?» ላሉት መልሴ አዲስ ስም አይደለም፤ ይህን ሲስተም ወደ ስምንተኛው ፒኤችፒ ማሻገርን ይማሩ። ሥራው ቀላል አይደለም። በ7.4 ባዶ ጽሑፍ ከዜሮ ጋር በሁለት የእኩል ምልክት ሲነጻጸር «እኩል ነው» ይባል ነበር፤ ከ8.0 ጀምሮ እኩል አይደለም። የክፍያ መጠን የሚሞላበት ሳጥን ባዶ ከተተወ፣ እስከ ትናንት እንደ ዜሮ ታልፎ የነበረ ወርኃዊ መዋጮ ከሽግግሩ በኋላ ሌላ ትርጉም ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ አስቀድመው መፈተኛ እየጻፉ መሄድ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ለአለቃዎ በጽሑፍ አቅርበው በሥራ ሰዓት የሚሠራ እንዲሆን ያስፈቅዱ። የድርጅቱን ስጋት በራስዎ እንቅልፍና በራስዎ የኢንተርኔት ጥቅል የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ አይሽሹት፣ ይጠቀሙበት። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ የሚለውጥ ኮድ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁትና ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ያስገቡ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ብሎ ካልመለሰልዎ ስህተቱን ሊያይ የሚችለው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው፤ መሣሪያው ራሱ በሙሉ ልብ ተሳስቶ ሊያልፍ ይችላል።

ከአሥራ አንዱ ኮርሶች አሥሩን ያጥፏቸው። አንዱን፣ ማለትም አሁን ለያዙት ሥራ የሚጠቅመውን፣ ያስቀሩ፤ ከመካከላቸው እንዲህ ያለ ከሌለ አሥራ አንደኛውንም አብረው ያጥፉት። የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ያስተካከሉት የወለድ ስሌት ስድስተኛዋን ቀን መቁጠሩን ከወዲሁ ይፈትሹ።