ካርቡሬተሩን ከመፍታትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው አሮጌ ፒካፕህ ሲነዳ ደህና ነው፤ ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ ግን ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ካርቡሬተሩን ልፍታው ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን ለጊዜው አልነካውም። ካርቡሬተር ባልሠራው ጥፋት ብዙ ይከሰሳል።

“ሲነዳ ደህና ነው” ያልካት ነገር ናት ቀልቤን የሳበችው። በሚኒሞ ጊዜ የካርቡሬተሩ ዋና የአየር በር ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ሞተሩ ግን መሳቡን አይተውም። ስለዚህ ከበሩ በታች ያለው ስበት ብርቱ ነው፤ የሚገባው አየር ደግሞ ጥቂት። በዚህ ሰዓት ከተሰነጠቀ ቱቦ ሾልካ የምትገባ ትንሽ አየር የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ ታቀጥነዋለች። ነዳጅ ስትረግጥ በሩ ይከፈታል፣ ያቺ ስንጥቅም ከቁም ነገር አትገባም።

እኔ ይህን የተማርኩት በልፋት ነው። ካርቡሬተሩን ሁለቴ ፈትቼ አጥቤ ገጠምኩ። ለውጥ የለም። ለካ ወደ ፍሬን ሰርቮ (በሞተሩ ስበት ፍሬን መርገጡን የሚያቀልል ዕቃ) የሚሄደው ወፍራም ጎማ ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል ተሰንጥቋል። የሚያናድደው ደግሞ ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበረ፤ ፍሬን ስረግጥ የሞተሩ ድምፅ ይቀየር ነበር። እኔ ግን ካቻቢቴ ይዤ ስለነበር ጆሮ አልሰጠሁትም።

እናም መጀመሪያ ሞተሩን አሙቀው። ቾኩ (ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው በር) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን። ከማኒፎልዱ (ድብልቁን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቧንቧ) የሚወጡትን የአየር ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርግ። አንዱን ስትይዝ ሞተሩ ከተረጋጋ ጥፋተኛው በዚያ መስመር ላይ ነው። ከዚያ በካርቡሬተሩ መቀመጫና በማኒፎልዱ ጋስኬት (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ዙሪያ ውሃ በትንሹ እርጭ። ድምፁ ከተቀየረ እዚያ ጋ አየር ይስባል። የካንዴላ ገመዶቹን እንዳታረጥብ። ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ነው፣ ተው።

የአየር መስመሩ ንጹህ ከሆነ ወደ እሳቱ፣ ማለትም ካንዴላ ድብልቁን ወደሚያቀጣጥልበት ብልጭታ እለፍ። ሞተሩን አጥፍተህ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀል፤ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝና አስነሳ። መንቀጥቀጡ ካልባሰ ያ ሲሊንደር ድሮም አልሠራም ማለት ነው። ሁሉንም በተራ ሞክር። የሰነፈውን ስታገኝ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ቀያይር። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ቀለለልህ። ካልሄደ ገመዱንና የዲስትሪቢውተሩን (ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን እይ፤ በመጨረሻም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ድብልቁን የሚጨምቅበትን ግፊት) አስለካ። የተቃጠለ ቫልቭ ካለ የትኛውም ካርቡሬተር አያድነውም። ፑንቲና (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ያለው ከሆነ ክፍተቱንም እይ፤ ብዙዎቹ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ትክክለኛው ግን የመኪናው መመሪያ ላይ አለ።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ነው ካርቡሬተሩ ጋ የምትመጣው። የሚኒሞ ድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን ዙሩን እየቆጠርክ ቀስ ብለህ ዝጋት፤ ስትነካ አቁም፣ ጫፏ ይጎዳል። እየዘጋሃት ሞተሩ ምንም ካልመሰለው የሚኒሞው ቀጭን መስመር ተደፍኗል። ወይም መንቀጥቀጡን ለመሸፈን ሰው ሚኒሞውን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎታል፤ ይሄ በአሮጌ መኪና በጣም የተለመደ ነው። የተደፈነ ከሆነ ያኔ ፍታው። የመስመሩን ቀዳዳ በአየር ንፋ እንጂ በሽቦ አትጎርጉራት፤ ከሰፋች አትመለስም።

ዛሬ ግን ሌላውን ሁሉ ተወውና አንድ ነገር ብቻ ሞክርልኝ፦ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፍሬኑን ረግጠህ ያዝ። ድምፁ ተቀየረ ወይስ አልተቀየረም? እሱን ጻፍልኝ።