«ዓሣ ልተው ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የመሰለኝ። «ቅዳሜ ፀጉሬን ቀለም ተቀባሁ፣ ሰኞ ምሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ በላሁ፣ ማታ ፊቴ አበጠ፤ ዓሣ ልተው ወይ?» ነው ያልሽው። እስክትመረመሪ አትብዪ እሺ። ግን ዓሣው ላይ አትፍረጂ። እኔ ፈርጄ 3 ዓመት ተቀጥቻለሁ። የባሕር ዳር ልጅ ሆኖ 3 ዓመት ያለ ዓሣ!

1. መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሪ። ምግብ ያልተስማማው ሰው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ገደማ ይታወቀዋል። ከንፈር ያብጣል፣ ሰውነት ሳማ እንደነካው እብጥ እብጥ ይላል፣ ያስመልሳል። የፀጉር ቀለም ግን አድብቶ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። እኔ ለጥምቀት ብዬ ጥር 9 ተቀባሁ፣ ጥር 11 ቆሮሶ ጥብስ በላሁ፣ በማግስቱ ዓይኔ ተደፍኖ ነቃሁ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። ጎረቤት «ዓሣው ነው» አለ። በቃ፣ ዓሣው ተፈረደበት። ከጆሮዬ ኋላና ግንባሬ ጠርዝ ላይ፣ ልክ ፀጉሩ በሚጀምርበት፣ ውኃ እያዘለ ሲያሳክከኝ ልብ ያለው ሰው የለም። ቀለሙንማ ለዓመታት ስቀባው ስለኖርኩ እንዴት ልጠርጥረው? ለካ ሰውነት ስንት ዓመት የቻለውን አንድ ቀን እምቢ ይላል። ከ3 ዓመት በኋላ ለዘመድ ሰርግ ስቀባ፣ ዓሣ በአፌ ሳይዞር፣ ጭንቅላቴ በሙሉ ቆሰለ።

2. ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። እኔ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ የገዛሁት ቅባት አንድ መደርደሪያ ይሞላል። የማሳከክ ክኒኑም እንቅልፍ ከማምጣት በቀር ለኔ አልረባኝም። ሐኪሙ አንዴ አይቶኝ ሳቀ። ተናደድኩ፣ ግን ልክ ነበር። አለርጂ በ4 ይከፈላል አለኝ። አንደኛው አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ሂስታሚን የሚሉትን፣ የሚያሳብጥና የሚያሳክክ ንጥረ ነገር እያስለቀቀ በደቂቃ የሚያስነሳው ነው፤ ንብ፣ ለውዝ፣ ዓሣ፣ ፔኒሲሊን። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንቺን አይመለከቱም፤ ልለፋቸው። የኔው አራተኛው ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸው ቀስ ብለው የሚዘምቱበት። የተጠረጠሩት ነገሮች ትንሽ ትንሽ የተቀቡበት ፕላስተር ጀርባዬ ላይ ለጥፎ፣ የትኛው ቆዳዬን እንዳስቆጣው ከ2 ቀን በኋላ አነበበው። ጥፋተኛው ፒፒዲ፣ የጥቁር ቀለም ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ዓሣው ነፃ ወጣ።

3. ያንን የደቂቃውን ዓይነት ግን አትናቂ። ታናሽ ወንድሜን እዚሁ ግቢያችን ንብ ነደፈችው። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ አበጠ፣ ድምፁ ሻከረ። በባጃጅ አከነፍኩት። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ቀና ሳትል «መጀመሪያ ካርድ አውጡ፣ መታወቂያ?» አለችኝ። ልጁ ትንፋሽ አጥሮታል እኮ! ዛሬም ሳስታውሳት ደሜ ይፈላል። በዚያ ስታልፍ የነበረች ነርስ ድምፁን ሰምታ ጎትታ አስገባችው፤ ጭኑ ላይ አድሬናሊን ወጋችው። ትንሽ ቆይቶ «ቤት እንሂድ» ብሎ ይጨቃጨቀኝ ጀመር። ሐኪሟ ግን፣ ዳግመኛ ንብ ሳይነድፈውም ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል ብላ ለሰዓታት አስተኛችው። ስለዚህ ምላስሽ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ክኒን ውጠሽ አትጠብቂ፣ ካርድ ክፍል ተራም አትያዢ፤ ጩኺ።

የቀለሙን ካርቶን ካልጣልሽው ለሐኪሙ ይዘሽ ሂጂ። ጥቁር ሂና ነው ብለው ከሸጡልሽም ንገሪው፤ ንጹሕ ሂና ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያጠቁረው ይኸው ፒፒዲ ነው። እጅሽ ውስጥ ትንሽ ቀብተሽ እንዳትሞክሪው ደግሞ፤ ያ ሙከራ ቀለሙ ገና ላላስቆጣው ሰው ነው።