ሰውነት የገዛ ልቡን እንዴት ያጠቃል? መርፌውስ ለምን በየወሩ?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄን በክረምት ጉሮሮዋን አመማት። እንጥሏ ወርዷል ብለው ሊያስቆርጧት ሲሉ ለቀቃት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ሐኪሞች የልቧ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር) ተጎድቷል፣ የጎዳውም የራሷ የሰውነት መከላከያ ነው አሉን፤ በየ4 ሳምንቱ መርፌ አዘዙላት። አሁን እየሮጠች ትጫወታለች። የራስ ሰውነት እንዴት ልብን ያጠቃል? ደህና የሆነች ልጅስ ለምን ትወጋለች?
እናት፣ ከቡሬ፣ ጎጃም

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት መርፌው እንዳይቋረጥ አደራ።

ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከፍርንባ አጥንት ጀርባ ባለችው ቲመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ይፈተናሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ የሚለየው ነገር በዕድል ስለሚደርሰው፣ የራስን አካል የሚይዙም ብዙ ይፈጠራሉ። ዕጢዋ ኤይር በሚባል ጂን እየታገዘች የሌሎቹን የሰውነት ክፍሎች ፕሮቲኖች፣ የቆሽትን ኢንሱሊን ሳይቀር፣ ታሳያቸዋለች። አጥብቆ የያዘ እዚያው ይሞታል፤ ምንም የማይዘውም እንዲሁ። ከ100 በሕይወት የሚወጡት ከ5 አይበልጡም።

ሆኖም ቲመስ ሁሉን አታሳይም። ከልብ ጡንቻ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው አልፋ ማዮሲን እዚያ ስለማይታይ፣ እሱን የሚይዙ ሕዋሳት አምልጠው ደም ውስጥ ይዞራሉ፤ በጤነኛ ሰውም ውስጥ አሉ። ዝም የሚያሰኟቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ናቸው (የ2025 የሕክምና ኖቤል የተሰጠው ለእነዚህ ግኝት ነው)። በዚያ ላይ የቁስለት ምልክት ካልደረሳቸው አይነሱም።

የጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ይህን ያፈርሳል። ሽፋኑ ላይ ያለው ኤም ፕሮቲን ማዮሲንን ይመስላል፤ ጉሮሮው ሲቆስል የማንቂያው ምልክትም አብሮ ይመጣል። ባክቴሪያውን ሊያጠፋ የተነሳው መከላከያ መገጣጠሚያውና የልብ ቫልቩ ላይ ያርፋል፤ ቫልቩ ይቆስላል፣ ሲድን ጠባሳ ይዞ ይደድራል፣ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ይህ ለመታየት ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ነው ጉሮሮው ከዳነ በኋላ ጉልበት የሚያብጠው።

መርፌው፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ መከላከያውን አያበርድም። ሥራው ባክቴሪያው ተመልሶ እንዳይገባ መከልከል ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ጥቃት ቫልቩን ይበልጥ ያበላሻልና። ልጅዎ የምትወጋው ስላመማት ሳይሆን እንዳይደገምባት ነው። ከ30 ኪሎ በላይ ከሆነች መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። በደሟ ያለው መድኃኒት ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ እየሳሳ ስለሚሄድ ቀን ማሳለፍ አደገኛ ነው። ካለፈ የሚቀጥለውን ወር አይጠብቁ፣ በነጋታው ያስወጓት፤ ለበዓል ገጠር የምትሄድ ከሆነ ቀደም ብላ ትወጋ። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ በቀጭን መርፌ ይደፈናል፤ ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ በዝግታ ይሰጥ። ከተወጋች በኋላ 30 ደቂቃ ጤና ጣቢያው ትቆይ። ቫልቩ ለተጎዳ ልጅ ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላ፣ ከሁለቱ የረዘመው ይወሰዳል፤ መቼ እንደሚቆም ሐኪሟ ይወስናል።

እንጥል መቁረጥ ግን ይቅር። ባክቴሪያው ያለው ቶንሲሉና ጉሮሮው ላይ ነው፤ የሚያተርፈው መድማትና ቴታነስ ነው። ታናናሾቿ ጉሮሯቸውን አሟቸው ቢያተኩሳቸው በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከጀመሩ ልባቸው ይድናል። እሷ ደግሞ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ካጠራት፣ እግሯ ካበጠ ወይም መገጣጠሚያዋ እንደገና ከተያዘ የቀጠሮዋን ቀን ሳይጠብቁ ሆስፒታል ያድርሷት።