ባለቤቴ ደግ ሥራዋን ለምን ደበቀችኝ?

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት። ለረጅም ዓመታት በአንድ ትልቅ ኩባንያ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ሠርቻለሁ። እንከን እንዳለበት እየታወቀ ምርት ገበያ ሲወጣ፣ አቤት ያለ ሲገለል፣ ዝም ያለ ሲሾም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ለትርፍ ብሎ የማይሸጠው ነገር የለም ብዬ አምናለሁ። ዜና ሳይ፣ የእርዳታ ጥሪ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው “ከዚህ ማን ሊያተርፍ ነው?” ብዬ ነው። በቅርቡ ባለቤቴ ስልክ ላይ የባንክ መልእክት አየሁ። ለታመመች የሥራ ባልደረባዋ መታከሚያ ገንዘብ ልካለች፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም። ስጠይቃት “ብነግርህ ታበላሽብኝ ነበር” አለችኝ። የ13 ዓመት ልጄ ደግሞ መምህሯ የክፍል ጓደኛዋን እንድታስጠና ቢጠይቃት “ሁሉም ለራሱ ነው” ብላ እምቢ ማለቷን ሰማሁ። እኔ የምናገረው እውነቱን ነው። እውነት መናገር ቤት ያፈርሳል እንዴ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ያዩት ነገር ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ትልልቅ የትምባሆ ኩባንያዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ ጋዜጦች ላይ መግለጫ አውጥተው፣ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ለማምጣቱ ማረጋገጫ የለም ብለው ሕዝቡን አረጋጉ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የገዛ ባለሙያዎቻቸው የሚያውቁትን ደብቀው ኖሩ። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጋለጥ 11 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪኖቹ ላይ የጭስ ምርመራ ሲደረግላቸው የሚያውቅና ለዚያች ሰዓት ብቻ ልቀቱን የሚቀንስ ሶፍትዌር ተጭኖ ተገኘ። ስለዚህ “ነገሩን አጋነውት ነው” ብዬ ላጽናናዎት አልችልም። መቆጣትዎም በሽታ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቶ የማይቆጣ ሰው የበለጠ ያሳስበኛል።

የሚያሳስበኝ ከቁጣው በኋላ የሄዱበት መንገድ ነው። “እነዚያ አለቆች ዋሹ” ካሉበት ተነስተው “ሰው ሁሉ ለራሱ ነው” ላይ ደረሱ፤ ያንኑ ድምዳሜ ይዘው ቤትዎ ገቡ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የእርስዎ እባብ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬ ግን እባቡም ልጡም አንድ ሆነውብዎታል።

በሥነ ልቦናና በምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቅ አንድ ጨዋታ አለ። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ነጥቡ በኋላ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። እያንዳንዱ የፈለገውን ያህል ለራሱ ያስቀራል፣ የፈለገውን ያህል ለጋራ ያዋጣል። ለተዋጣው ለእያንዳንዱ ነጥብ አራቱም፣ ያዋጣም ያላዋጣም፣ 0.4 ነጥብ ይደርሳቸዋል። ሁሉም 20ውን ካዋጡ እያንዳንዱ 32 ነጥብ ይዞ ይወጣል። ሦስቱ ሙሉውን አዋጥተው አንዱ ከቆለፈ ግን የቆለፈው 44 ያገኛል፣ ያዋጡት 24 ይደርሳቸዋል። ስግብግብነት ያዋጣል ማለት ነው። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ፊሽባኸር፣ ጌኽተርና ፌር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ “ሌላው ካዋጣ እኔም አዋጣለሁ” የሚሉ ሆነው ተገኙ። ሌላው ምንም ቢያዋጣ እነሱ የማያዋጡት 30 በመቶ ገደማ ነበሩ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ሲደጋገም መዋጮው እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻው ዙር ብቻ ገብቶ ያየ ሰው “ይኸው፣ ሰው ራስ ወዳድ ነው” ብሎ ይወጣል። ከመጀመሪያው የተከታተለ ግን እጃቸውን ከሰበሰቡት ብዙዎቹ ሲጀምሩ ሰጥተው የነበሩ፣ ሌላው ሲቆልፍ አይተው የተዉ መሆናቸውን ያውቃል። እኔ እርስዎን የማየው እነዚህ መካከል ነው። ለሰው ግድ የማይሰጠው ሰው ምርት ተበላሽቶ ወጣ ብሎ ለዓመታት አይብሰለሰልም። እርስዎ ሰጥተው የተከዱ ሰው ነዎት።

ፌርና ጌኽተር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ተጫዋቾቹ ከራሳቸው ነጥብ ከፍለው ያላዋጣውን እንዲቀጡ ሲፈቀድላቸው መዋጮው አንሰራራ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተጨመረው ተጠያቂነት ነው። ወደ ኩባንያዎች ስንመጣም ነገሩ ይኸው ይመስለኛል። የሥራ አስኪያጁ ቦነስ ከሦስት ወር ትርፍ ጋር ከታሰረ፣ ውሳኔው በብዙ ክፍሎች ተሸንሽኖ ማንም “የእኔ ነው” የማይለው ከሆነ፣ ቤቱ መልካም የሆነ ሰውም እዚያ ገብቶ መጥፎ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ይህን የምለው የፈረመውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ሰው በተፈጥሮው የተበላሸ ነው ካልን ግን ማንንም መጠየቅ አይቻልም፤ ከዚህ አስተሳሰብ በጣም የሚጠቀሙትም ያጠፉት አለቆች ናቸው።

ሌላም ጥናት ላንሳልዎ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 “ሳይንስ” መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎች በ40 አገሮች ከ17 ሺህ በላይ የኪስ ቦርሳዎችን “መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት” እያሉ ለባንክ፣ ለሆቴል፣ ለፖስታ ቤትና ለመሳሰሉት ሠራተኞች ሰጡ። የባለቤቱ ኢሜይል ውስጡ አለ፤ አንዳንዱ ገንዘብ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። በአማካይ ባዶው ቦርሳ 40 በመቶ፣ ገንዘብ ያለበት 51 በመቶ ባለቤቱ እንዲያገኘው ጥሪ ተደረገለት። ከ40ዎቹ አገሮች በ38ቱ ገንዘብ ሲኖርበት ለመመለስ የሚነሳው ሰው በዛ። ውጤቱን እንዲገምቱ የተጠየቁ ሰዎች ግን ተቃራኒውን ነበር የጠበቁት። ግማሽ ያህሉ ቦርሳ እንዳልተመለሰ አልሸሽግዎትም። ነገር ግን ስለ ሰው ያለን ግምት ሰው ከሚያደርገው የከፋ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። “አቤት ያለ ሲገለል” ብለው ጽፈዋል። እኔ የቆምኩት እዚህ ቃል ላይ ነው። አቤት ያለ ሰው ነበር ማለት ነው! ሥራውን፣ እድገቱን፣ ምናልባትም የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አደጋ ላይ ጥሎ የተናገረ ሰው በገዛ ዓይንዎ አይተዋል፤ የሰውን ልጅ ሲመዝኑ ግን ከሚዛኑ አውጥተውታል። የትምባሆ ኩባንያዎች ገመና አደባባይ እንዲወጣ ከረዱት አንዱ ጄፍሪ ዋይጋንድ ከእነዚሁ ኩባንያዎች በአንዱ የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በቴሌቪዥን ወጥቶ ተናገረ። የቮልስዋገንንም ጉድ ለማውጣት መነሻ የሆነው የአንድ ዩኒቨርሲቲ አነስተኛ የተመራማሪዎች ቡድን መኪኖቹን መንገድ ላይ እየነዳ ያደረገው ልኬት ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄም አለኝ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስዎ ይስጡ። ያ ሰው አቤት ሲል እርስዎ የት ነበሩ? ዝም ብለው ከነበረ አልፈርድብዎትም፤ የሚያስተዳድሩት ቤት ነበረዎት። ግን ያ ዝምታ ሲቆይ ሕሊናን ያቆስላል፤ ቁስሉም እንዳይሰማ “ሁሉም ያው ነው” የሚል ሐሳብ ከላይ ይደረብበታል። ሁሉም ያው ከሆነ እኔም የምጠየቅበት የለም። በምክር ክፍል ውስጥ ሰው ላይ ያለው መራራነት ሲገለጥ ከሥሩ ጸጸት ብዙ ጊዜ ይገኛል። የእርስዎ እንዲህ ካልሆነ ይለፉት፤ ከሆነ ግን ከዓለም ስግብግብነት በፊት ሊነጋገሩበት የሚገባዎት ይህ ነው።

እውነት ቤት ያፈርሳል ወይ ላሉት፤ አያፈርስም። የሚያፈርሰው ንቀት ነው። ለዓመታት ባልና ሚስትን ያጠኑት ጆን ጎትማን መለያየትን አስቀድሞ ከሚጠቁሙ ባሕርያት ሁሉ ንቀትን ከፊት ያስቀምጣሉ። ባለቤትዎ የደበቁት በደል አይደለም፤ ሌላው ሰው ጥፋቱን እንደሚደብቀው እሳቸው ደግነታቸውን ደበቁ። ቢነግሩዎት “ተሞኘሽ” ወይም “አሠሪዋ ለምን አያሳክማትም?” እንደሚሉ ያውቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሰዓት ግን ለታመመችው ሴት ምንም አይጠቅማትም።

ስለዚህ “ለምን ደበቅሽኝ?” የሚለውን ይተዉትና “ልትነግሪኝ የምትፈሪ ሰው አድርጌሻለሁ፤ ይቅርታ። ባልደረባሽ አሁን እንዴት ናት?” ይበሉ። ከዚያ ይስሙ። መጨረሻ ላይ “ግን” የምትል ቃል ከመጣችብዎ ለዚያን ቀን ይዋጧት። ከቻሉ እርስዎም ለሕክምናው የሚችሉትን ያህል ይጨምሩ፤ ከስብከት ይልቅ ባለቤትዎን የሚያሳምናቸው ይህ ነው።

ለልጅዎ “ዓለም መልካም ናት” ብለው አይዋሿት፤ 13 ዓመት ያን ለማወቅ ይበቃል። ግማሹን ብቻ ነግረዋት ከሆነ ግን ሌላውን ግማሽ ይጨምሩላት። ኩባንያው ያደረገውን በሚገባት ቋንቋ ይንገሯት፤ አቤት ስላለውም ሰው ይንገሯት። ዝም ብለው ከነበረ እሱንም። “ተሳስቼ ነበር፤ ጓደኛሽን ማስጠናት ነበረብሽ” የሚለውን ከአባቷ አፍ መስማት አለባት፤ “ሁሉም ለራሱ ነው” የሚለውንም የሰማችው ከዚያው አፍ ነውና።

ቁጣዎትን ደግሞ ወደሚመለከተው ቦታ ይውሰዱት። የሚያውቁት እንከን አሁንም ሰው የሚጎዳ ከሆነ የሕግ ባለሙያ አማክረው ለተቆጣጣሪ አካል ማመልከት ይችላሉ፤ የሠራተኛ ማኅበርም የሸማቾች ማኅበርም ለዚሁ ነው የተቋቋሙት። በጥራት ቁጥጥር ያካበቱት እውቀት እዚያ ይፈለጋል። ዜናውን በቀን አንዴ፣ ከእራት በፊት ይጨርሱ።

በመጨረሻም፣ እንቅልፍዎ ከተዛባ፣ ቀድሞ ደስ ይሉዎት የነበሩ ነገሮች ጣዕም ካጡና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ነገሩ የአመለካከት ብቻ ላይሆን ይችላል። ድባቴም ዓለምን እንዲሁ ያጨልማል፤ ሕክምናም አለው። ያኔ ሳይዘገዩ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ በአካል ያነጋግሩ፤ ፈቃደኛ ከሆኑ ባለቤትዎንም ይዘው ይሂዱ።