ኪዩሾ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጥቁር ቀበቶ ካሰርኩ ቆይቻለሁ፤ ልጆችም አሠለጥናለሁ። በቅርቡ አንድ የኪዩሾ (የሰውነትን ስስ ቦታዎች የመምታት የጃፓን ማርሻል አርት ጥበብ) መምህር የአንድን ግዙፍ ሰው አንገት በእጁ ጠርዝ መታ ሲያደርገው ሰውየው ተዘረረ። እኔም ሙሉ በሙሉ ወደ ስስ ቦታዎች ልዙር ብዬ አሰብኩ። ያዋጣል?

መልስ፦ ያየኸው የግድ ውሸት አይደለም። በአንገት ጎን፣ ከመንጋጋ ዝቅ ብሎ፣ የደም ግፊትን የሚለኩ ነርቮች አሉ። እዚያ ሲመታ ሰውነት ግፊቱ የጨመረ ይመስለውና የልብ ምትን ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ራሱን ይስታል። ምትሃት የለውም። ግን ያው ምት የደም ሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ ሊሰነጥቅ፣ ከቀናት በኋላም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ለማሳያ ብሎ ተማሪ የሚዘርር መምህር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አይመቸኝም።

ክንድና እግር ላይ ያሉት ይሻላሉ። ክርንህን ጠረጴዛ ሲመታህ እስከ ትንሿ ጣትህ የሚነዝርህ ነርቭ አለ አይደል? ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩልም ሌላ አለ፤ በደንብ ከተመታ እግር ይከዳል። ችግሩ ሰው ቆሞ አይጠብቅህም፤ ይንቀሳቀሳል፣ ወፍራም ጃኬት ይለብሳል፣ ደሙ ከፈላ ደግሞ ሕመሙም አይሰማው።

በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ጆርጅ ዲልማን ሳይነኩ መጣል ይቻላል እስከማለት ደርሶ ነበር። በናሽናል ጂኦግራፊክ ካሜራ ፊት በማያምን ሰው ላይ ሲሞከር ግን አልሠራም። ምክንያቱን ሲጠየቅ የሰውየው ምላስ አቀማመጥ ሊሆን ይችላል አለ! የራስህ ተማሪ አንተን ላለማሳፈር ሳያውቀው ሊወድቅልህ ይችላል፣ እዚህ ሙያ ውስጥ ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው።

ስለ ገቢው፦ የዚህ ዘርፍ መምህራን በአብዛኛው የሚኖሩት በቅዳሜና እሁድ ሴሚናር ነው፤ እሱም ስም ይፈልጋል። ስለዚህ መደበኛ ክፍልህን እንዳትዘጋ። ኪዩሾን ካታ (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምድ) ስታስተምር አስገባው፣ አንድ እጅ የት እንደሚያርፍ ሲገባቸው እንቅስቃሴው ራሱ ይስተካከላል። የሰውነት አሠራርና የመጀመሪያ እርዳታ ተማር፣ ኢንሹራንስህም ይህን ዓይነት ሥልጠና እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጥ። ልጆቹን ጭራሽ አታስነካቸው።

ለዚያ መምህር ከመክፈልህ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቀው፦ ተማሪው ያልሆነ፣ ለምሳሌ ጁዶ የሚሠራ ሰው ላይ፣ እየተንቀሳቀሰ፣ ክንዱን ብቻ መትቶ ያሳይህ። ሰበብ ካበዛ ብርህን ኪስህ ክተት።