ማንም ሳይነካው የሚከፈት የጋራዥ በር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አያት አካባቢ፣ አንድ ኮንትራክተር ጎን ለጎን ከሠራቸው ስድስት ተመሳሳይ ቤቶች በአንዱ ነው። የጋራዣችን በር በሪሞት የሚታዘዝ፣ ወደ ላይ የሚነሣ ባለሞተር በር ነው። ከግንቦት ወር ወዲህ ግን ማንም ሳያዘው ይከፈታል። አንዳንድ ቀን ምሽት ላይ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የሞተሩን ድምፅ ሰምተን እንነቃለን። በቅርቡም ሁላችንም ከሥራ ስንመለስ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘነው። የጠራነው ባለሙያ ብዙም ሳያይ «የሞተሩ መቆጣጠሪያ ቦርድ ተበላሽቷል፤ መቀየር አለበት» አለን። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ከሰፈራችን ጀርባ የቆመው የስልክ ማማ ነው የሚከፍተው ይላሉ፤ እኚህ ጎረቤትና ሌላ አንድ ቤተሰብ ባለፈው ግንቦት ነው የገቡት። ሦስት ሪሞቶች አሉን፤ አንዱ ከመርካቶ አስቀድተን ያመጣነው ነው። ለቦርዱ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምን እንድናይ ይመክሩናል? (ወ/ሮ ት.፣ ከአያት)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቦርዱን ለጊዜው ይተዉት። ቦርድ አይበላሽም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከሁሉም በኋላ የሚጠረጠር፣ ከሁሉም ይልቅ ውድ የሆነ ዕቃ ነው። ሌላውን ሳይመረምር ቦርድ የሚያስቀይር ባለሙያ ደግሞ ችግሩ ባይፈታም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን የሳበኝ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት አንድ ነገር ነው፤ በሩ በራሱ መከፈት የጀመረው አዳዲስ ጎረቤቶች በገቡበት ወር ነው።

የበርዎ ሞተር ትእዛዝ የሚቀበለው ከጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። አንደኛው በሬዲዮ ሞገድ ከሪሞት የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ካለው መክፈቻ በቀጭን ሽቦ የሚመጣው ነው። በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዝ ከሆነ እሱም ይጨመራል። ከእነዚህ ውጪ የሚቀረው ቦርዱ ራሱ ያለ ትእዛዝ ሞተሩን ማስነሣቱ ነው። ስለዚህ ሥራው እነዚህን መንገዶች አንድ በአንድ እየዘጉ በሩ በየትኛው ጊዜ ጸጥ እንደሚል ማየት ነው።

ከሬዲዮው እንጀምር፤ እንደ እርስዎ ባለ ሰፈር በብዛት ጥፋተኛው እሱ ነውና። ወደ አገራችን የሚገቡት የበር ሪሞቶች አብዛኞቹ በ433.92 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ናቸው። በሩን የሚያስከፍተው ግን ሞገዱ ብቻ ሳይሆን በሞገዱ ላይ የተጫነው ኮድ ነው። ሪሞቶች በኮዳቸው ዓይነት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው ትናንሽ ማንሸራተቻ ማብሪያዎች በረድፍ የሚታዩባቸው ናቸው። ስምንት ማብሪያ ካላቸው ሊኖራቸው የሚችለው ኮድ 256 ብቻ ነው፤ አሥር ካላቸው ደግሞ 1,024 ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ከመሆኑም በላይ ገጣሚዎች ብዙ ጊዜ ማብሪያዎቹን ከፋብሪካ እንደመጡ ይተዋቸዋል። ስድስት ቤት በአንድ ሰው እጅ፣ ከአንድ ካርቶን በወጣ ዕቃ ሲገጠም ደግሞ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ኮድ ቢይዙ አያስገርምም። ሁለተኛዎቹ ማብሪያ የሌላቸው፣ ኮዳቸው በውስጣቸው ባለ ቺፕ ላይ የተጻፈ ነው። የኮዱ ብዛት ወደ አንድ ሚሊዮን ስለሚደርስ በአጋጣሚ ከጎረቤት ጋር መመሳሰላቸው እምብዛም ነው፤ ነገር ግን ኮዱ ስለማይለወጥ በቀላሉ ይቀዳል። ሦስተኛዎቹ ቁልፋቸው በተጫነ ቁጥር አዲስ ኮድ የሚልኩ ናቸው። ተቀባዩም አንድ ጊዜ የተጠቀመበትን ኮድ ዳግመኛ ስለማይቀበል የጎረቤት ሪሞትም ሆነ ተራ ቅጂ አይከፍታቸውም። የእርስዎን አንዱን ሪሞት መርካቶ ላይ በቀላሉ መቅዳት ከተቻለ ዕቃዎ ከመጀመሪያዎቹ ወይም ከሁለተኛዎቹ አንዱ መሆኑን ይጠቁማል።

አሁን አዲሱ ጎረቤትዎ የእርስዎን በር የሚያስከፍት ሪሞት ቢኖራቸው ምን እንደሚሆን ያስቡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለመውጣት ሪሞታቸውን ሲጫኑ የእርስዎም በር ይከፈታል። ሲወጡ ለመዝጋት እንደገና ሲጫኑ ደግሞ የእርስዎም መዘጋት ነበረበት፤ እነዚህ ሪሞቶች የሚልኩት «ክፈት» ወይም «ዝጋ» የሚል ሳይሆን «ተንቀሳቀስ» የሚል አንድ ትእዛዝ ነውና። ነገር ግን መኪናቸው በዚያን ጊዜ ርቆ ከሆነ ወይም ግድግዳ ከከለለው ሁለተኛው ትእዛዝ የእርስዎ ጋራዥ አይደርስም፤ በሩም ተከፍቶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በሮች ተቃራኒ ሆነው ይቀጥላሉ፤ የእሳቸው ሲዘጋ የእርስዎ ይከፈታል። በቤትዎ ካሉት ሰዎች በሩ በራሱ ሲዘጋ ያየ ወይም የሰማ መኖሩን ይጠይቁ፤ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ሁለቱንም አዳዲስ ጎረቤቶች በትሕትና አነጋግረው ሪሞታቸውን ከበርዎ ፊት አንድ ጊዜ እንዲጫኑ ይጠይቋቸው።

የስልክ ማማውን ነገር በተመለከተ ጎረቤትዎን ሳላስከፋ ልቃወም። የስልክ አውታር በአብዛኛው የሚሠራው ከ700 ሜጋኸርዝ በላይ ነው፤ የበርዎ ተቀባይ ከሚያዳምጠው በጣም የራቀ ነው። ከዚህም በላይ የባዕድ ሞገድ ጥቃት በሩን መክፈት ሳይሆን ሪሞቱን ማፈን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአንዳንድ ወታደራዊ ሰፈሮች ዙሪያ አዳዲስ የመገናኛ ሬዲዮዎች ሥራ ሲጀምሩ፣ በ390 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ የጋራዥ ሪሞቶች ያላቸው ነዋሪዎች ቅሬታ አቅርበው ነበር። ቅሬታቸው ግን በራችን ከርቀት አልከፈት አለን የሚል ነበር። ጥራት የሌላቸው አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎችም ከሞተሩ አጠገብ ሲበሩ ይህንኑ ያደርጋሉ። ዝም ብሎ የሚጮኽ ሞገድ የእርስዎን ኮድ በትክክል አቀናብሮ አይልክም።

ከጎረቤት ወደ ራስዎ ቤት ይመለሱ። ሦስቱንም ሪሞቶች ሰብስበው ባትሪያቸውን ያውጡና ለተወሰኑ ቀናት በሩን በግድግዳው መክፈቻ ብቻ ይጠቀሙ። የአንዱ ሪሞት ቁልፍ ተጣብቆ፣ በመኪና ኪስ ውስጥ በዕቃ ተጭኖ ወይም በሕፃን እጅ ወድቆ በሩን ሲያዝ ከነበረ በዚህ ይታወቃል። ከሦስቱ የአንዱ ባትሪ ከሌሎቹ ቀድሞ እያለቀ ካስቸገራችሁም እሱን አጥብቀው ይጠርጥሩ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ በሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚከፈት ከሆነ አንድ ሌሊት ዝም ስላለ ተፈውሷል ማለት አይቻልም። የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት፣ ዝናብ ወይም መብረቅ መኖሩን፣ መብራት ጠፍቶ መምጣቱን በወረቀት ይመዝግቡ።

የሪሞቶቹ ባትሪ ወጥቶም በሩ ከተከፈተ ቀጣዩ ሥራ የተቀባዩን ማኅደር መደምሰስ ነው። ማብሪያ በሌላቸው ሞተሮች ላይ ሪሞት የሚያስተዋውቅ ትንሽ ቁልፍ አለ። እሱን እንደ ሞተሩ መመሪያ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በመያዝ የተመዘገቡት ሪሞቶች ሁሉ ይሰረዛሉ። የቀድሞው ሠራተኛ፣ ገጣሚው ወይም ኮንትራክተሩ ያስቀረው ሪሞት ቢኖር እሱም አብሮ ይሰረዛል። ከዚህ በኋላ በሩ ጸጥ ካለ ጥፋቱ ከሬዲዮ እንደነበር ታወቀ። ነገር ግን ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው። የድሮዎቹን ሪሞቶች መልሰው ያስመዘግቡና ችግሩ ሲመለስ ይገረማሉ። ኮዱ የማይለወጥ ሪሞት መልሶ ሲመዘገብ ያ ኮድ ያላቸው ቅጂዎች ሁሉ አብረው ይመለሳሉ። መርካቶ ያስቀዱትም ሪሞት ከእናቱ ጋር አንድ ኮድ ያለው ስለሆነ ለተቀባዩ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ መፍትሔው አሮጌዎቹን አስወግዶ አዲስ መግዛት ሲሆን፣ ከተቻለ ደግሞ ኮዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ተቀባይ ከነሪሞቶቹ ማስገጠም ነው። እንዲህ ያለው ተቀባይ ለብቻው የሚሸጥ፣ ከነባሩ ሞተር ጋር በግድግዳው መክፈቻ ሽቦ መግቢያ በኩል የሚያያዝ ትንሽ ሣጥን ሆኖም ይገኛል፤ የቀድሞውን ተቀባይ ማጥፋት ግን አይዘንጉ። ባለማብሪያ ከሆነ ግን በሪሞቶቹና በተቀባዩ ላይ ያሉትን ማብሪያዎች እኩል መለወጥ ለጊዜው ይበቃል።

ማኅደሩ ተደምስሶም በሩ ከተከፈተ ወደ ሽቦው ይሂዱ። የግድግዳው መክፈቻ የሚያደርገው ሁለት ሽቦዎችን ለአፍታ ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦው በየትኛውም ቦታ ተልጦ ቢነካካ ለሞተሩ ሰው እንደተጫነ ይቆጠራል። በምስማር የተወጋ ሽቦ፣ አይጥ የላጠው ሽቦ፣ በተለይም በክረምት ውኃ በገባበት ቱቦ ውስጥ ያለፈ ሽቦ ይህን ያደርጋል። የመዘገቡት ወረቀት «ከዝናብ በኋላ» እያለ ከደጋገመ ሽቦውን ከሁሉ አስቀድመው ይመርምሩ። የ220 ቮልት መስመር በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ አብሮ የተጎተተ ከሆነም መለየት አለበት። ምርመራው ስፒናውን ነቅሎ፣ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ከሞተሩ ላይ ፈትቶ፣ መልሶ ሰክቶ መጠበቅ ነው።

ሬዲዮውም ሽቦውም ተዘግቶ በሩ አሁንም ከተከፈተ ያን ጊዜ ቦርዱ ይቀየር፤ ባለሙያዎም ልክ ነበሩ ማለት ነው። በእኛ ሰፈሮች ቦርድን የሚጎዳው በብዛት የመብራት መቆራረጥና የክረምት መብረቅ ነው። ስታብላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን ያስተካክላል እንጂ በቅጽበት የሚመጣውን የመብረቅ ግፊት ለመመለስ የተሠራ አይደለም። ለዚያ የግፊት መከላከያና በትክክል የተቀበረ ግራውንድ ያስፈልጋል። ይህ ሳይኖር አዲስ ቦርድ መግጠም የሚቀጥለውን መብረቅ መጠበቅ ነው።

ምርመራው እስኪያበቃ ድረስ ሌሊት ሌሊት ስፒናውን ነቅለው በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዝጉት። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት መቀርቀሪያውን መክፈትዎን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ሞተሩ ወይም በሩ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የእኛ በር ከተዘጋ በኋላ ወዲያው ተመልሶ ይከፈታል። ባለፈው በጋ ደህና ነበር፤ ዝናብ ሲጀምር ባሰበት። የጎረቤት ሪሞት ሊሆን ይችላል? (አቶ መ.፣ ከቦሌ ቡልቡላ)

መልስ፦ አይመስለኝም። ተዘግቶ ከቆየ በኋላ የሚከፈት በር ትእዛዝ ደርሶት ነው፤ መሬት ነክቶ ወዲያው የሚመለስ በር ግን የራሱ መከላከያ ነው የሚመልሰው። ሪሞት ተጭነው ዞር ሳይሉ የሚሄዱ ሰዎች ሁለቱን ስለማይለዩ ሌባ ወይም ጎረቤት ይጠረጥራሉ። በሩ እስኪዘጋ ቆመው፣ ከተዘጋም በኋላ ትንሽ ጠብቀው ይመልከቱ።

ሞተሩ በሩ የት ላይ መቆም እንዳለበት የተነገረው ልክ አለ። ከዚያ ልክ በፊት ተቃውሞ ከገጠመው ሰው ወይም መኪና የተጫነ መስሎት ወደ ላይ ይመለሳል። በአካባቢዎ ያለው አፈር ጥቁር መረሬ መሆኑ ይታወቃል፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በደንብ ያልተሠራ የጋራዥ ወለልም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ወለሉ በጥቂቱ ከፍ ካለ በሩ ከታሰበለት ቀድሞ ይነካዋል። መጀመሪያ ከደፉ ላይ ጠጠርና ጭቃ ያጽዱ፤ ቀጥሎም የመውረጃውን ልክ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማስተካከል ነው። የሞተሩን የመግፊያ ኃይል ጨምሮ በግድ ማዘጋት ግን ሕፃናት ባሉበት ቤት ፈጽሞ የማይመከር ነው።

መሬት ሳይነካ ከመንገድ የሚመለስ ከሆነ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው በሁለቱም በኩል የተገጠሙትን ሴንሰሮች (አንዱ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጨረሩ ሲቋረጥ በሩ ይመለሳል) ይጥረጉ፣ ፊት ለፊት መተያየታቸውንም ይመልከቱ። በአሜሪካ ለሚሸጡ ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይህን የመሰለ መከላከያ ግዴታ ሆኗል። ሴንሰሮቹን ለማሳሳት የሸረሪት ድር ወይም የመንገድ አቧራ ይበቃል። ወደ ምዕራብ የዞረ በር ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ፀሐይ በተቀባዩ ሴንሰር ዓይን ውስጥ እየገባች ነው፤ ሁለቱን ሴንሰሮች ቦታ ማለዋወጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ በሩ በራሱ ስለሚከፈት ማታ ማታ ብሬከሩን አጠፋለሁ፤ አንድ ጊዜ ግን ጠፍቶም ተከፈተ። መብራት ሲጠፋስ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀይ ገመድ ስቦ በእጅ መክፈት ያሰጋል? (አቶ ደ.፣ ከለቡ)

መልስ፦ ሞተርዎ መጠባበቂያ ባትሪ ሳይኖረው አይቀርም፤ ካለው ብሬከር ማጥፋት ብቻውን አያቆመውም፣ የባትሪውም ሽቦ ይነቀል። ቀዩን ገመድ በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ይሳቡት። ተከፍቶ ሳለ ቢስቡትና የበሩን ክብደት የሚሸከመው ሞላ (ስፕሪንግ) የደከመ ወይም የተሰበረ ቢሆን በሩ በሙሉ ክብደቱ ይወድቃል። ገመዱ ተስቦ በሩን በእጅ ሲያነሡት ከባድ ከሆነ ሞላው ችግር አለበት ማለት ነው። ሞላውንና ብሎኖቹን ራስዎ አይንኩ፤ በከፍተኛ ውጥረት የታሰሩ ስለሆኑ መሣሪያው ያለው ባለሙያ ይፍታቸው።