ቀበሌ ልግባ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተመራቂ ነኝ። የምንኖረው ማራኪ ክፍለ ከተማ ነው። በከተማችን አስተዳደር ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። አጎቴ ግን "የሴት ልጅ ቦታ አይደለም" ይላሉ። የቀበሌው ሰዎች ደግሞ "ሴቶች ጉዳይ ላይ ነይ" ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢ እንጂ! አጎትሽን በአክብሮት ስሚያቸው። ግን እቴጌ ምንትዋብ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩት ከዚሁ ከጎንደር ነው። ሕጉም ከጎንሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲወዳደሩ የድጋፍ እርምጃ ይፈቅድላቸዋል።

እኔን ያሳሰበኝ የቀበሌዎቹ ግብዣ ነው። ሴቶች ጉዳይ ትልቅ ሥራ ነው፤ ልብሽ እዚያ ከሆነ ሂጂ። ሴት ስለሆንሽ ብቻ ከሆነ የሚልኩሽ ግን እሺ አትበይ። የተማርሽው ሂሳብ ነው። ፋይናንስ፣ ግዥ፣ ገቢዎች፣ የውስጥ ኦዲት አለልሽ።

የቀበሌ ስብሰባ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ወንዶቹ ፊት፣ እናቶች ኋላ ነው የሚቀመጡት። አንዲት ወጣት ከተገኘች ቃለ ጉባኤ ያስይዟታል። የውሃ ነገር ይነሳል። በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ ሌሊት ተነስታ ጀሪካን የምትሞላው እናት ናት። ዕድል የሚደርሳት ግን መጨረሻ ላይ፣ "ሰዓት ሄዷል" ሲባል ነው። እዚያ መሃል አንዷ ተነስታ "ለመስመሩ ጥገና ስንት ብር ተያዘ? እስካሁንስ ምን ያህሉ ወጣ?" ብትል መድረኩ በ"እናያለን" ሊያልፋት አይችልም። ይህን ለመጠየቅ የበጀት ሰነድ ማንበብ ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ ታነቢያለሽ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ጥያቄው ዕቅድ ሲዘጋጅ ቀድሞ መግባት አለበት። ከጸደቀ በኋላ መልሱ "ለከርሞ" ነው።

ደግሞ ሠራተኛ፣ ተሿሚና ተመራጭ ይለያያሉ። ተሿሚ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ለምክር ቤት ለመወዳደር 21 ዓመት መሙላት ይበቃል፤ የቀበሌ ምክር ቤት አባልነትን ግን መተዳደሪያ አታድርጊው። ስለዚህ መጀመሪያ ተወዳድረሽ በሠራተኝነት ግቢ። አሠራሩን እወቂ፤ ለምርጫውና ለሹመቱ ትደርሻለሽ።

ከሰኞ ጀምረሽ የክፍለ ከተማውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ተከታተዪ። የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ ቴምፖሯሪሽንና ስቱደንት ኮፒሽን ከነፎቶ ኮፒያቸው አዘጋጅተሽ ጠብቂ።